ጥፋቱ የባዶ ቦታው አይደለም፦ ስለ እንግሊዝኛ የምንባብ መልመጃዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር መምህራንና ወላጆች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ «ባዶ ቦታ ሙላ» የሚባለው መልመጃ፣ በተለይም ከምንባብ መካከል ቃላት ተነሥተው ተማሪው እንዲተካቸው የሚደረግበት ዓይነት፣ ከክፍል ጨርሶ እንዲወጣ ይጠይቃሉ። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈና እውነተኛ ቁጭት ያለበት ነው፤ ብዙ ሰው የተቀባበለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቁጭታቸውን እጋራለሁ፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። እዚሁ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምር በመሆኔና ጽሑፉን አንብበው «ልጆቻችንን በዚህ ነገር አታድክሙብን» የሚሉ ወላጆች በመብዛታቸው መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሜ የጸሐፊውን ክስ ሳላዛባ ላቅርብ። አንደኛ፣ በዚህ መልመጃ ከ10 ጥያቄ 9 የሚያገኝ ተማሪ አንድ የውጭ አገር ሰው መንገድ ቢጠይቀው አፉ ይያዛል፤ በፋሲል ግንብ ዙሪያ የሚውሉ፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ልጆች ግን ከቱሪስት ጋር በማውራት ብቻ እንግሊዝኛ ያቀላጥፋሉ፤ ስለዚህ መልመጃው ቋንቋ አያስተምርም ይላሉ። ሁለተኛ፣ መልሱ ግምት ነው፤ አራት ምርጫ የቀረበለት ተማሪ ሳያነብ አንዱን ከብቦ ያልፋል፣ ካልሆነለትም ከጎረቤቱ ይኮርጃል። ሦስተኛ፣ ምንባቦቹ ስለ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡርና ስለ በረዶ የሚያወሩ ባዕድ ጽሑፎች ናቸው፤ ቃሉም ከሚኖርበት ንግግር ተቆርጦ ነው የሚቀርበው። አራተኛ፣ ዘዴው ሌላው ዓለም የጣለው የፈተና ቅሪት ነው። አምስተኛ፣ አባቶቻችን ቋንቋን በጆሮና በአፍ እንጂ በባዶ ቦታ አልተማሩም፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለንግግር ሊሰጥ ይገባል። ክሱ ይህ ነው።

ከአንደኛው ልነሣ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና። መናገር የሚለመደው በመናገር ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቦታ ሲሞላ የከረመና ከዚያ ውጪ በእንግሊዝኛ ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ ተማሪ እንግዳ ፊት ሲቆም ቢደነግጥ የሚገርም አይደለም። ሆኖም አንድ መልመጃ ንግግርን አላስተማረም ማለት ምንም አላስተማረም ማለት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው ያስቀመጠው። መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ለአንድ የአዘዞ ተማሪ በዓመት አንዴ ቢገጥመው ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የባዮሎጂ፣ የፊዚክስና የታሪክ መጽሐፍ ግን በየቀኑ ይጠብቀዋል። ይህ ተማሪ በቅድሚያ የሚያስፈልገው አንድን ዓረፍተ ነገር ከሚቀጥለው ጋር አያይዞ ማንበብ፣ «ይህ ‹ሃውኤቨር› ምንን ይቃረናል? ይህ ‹ኢት› ወደየትኛው ስም ይመለሳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከምንባብ የተነሣ ቃል ተማሪውን የሚያስገድደው ይህንኑ እንዲያደርግ ነው፤ ከባዶው ቦታ ፊትና ኋላ ያለውን ሳያነብ ሊሞላው አይችልምና።

ስለ ግንቡ ዙሪያ ልጆች የተባለው እውነት ነው፤ እኔም አደንቃቸዋለሁ። ነገር ግን እነሱ ያገኙትን ነገር በትክክል መለየት አለብን። ያገኙት ሰሚ ነው፤ የሚሉትን ለመረዳት የሚፈልግ፣ ቢሳሳቱም በምልክትና በፈገግታ የሚያግዛቸው ሰሚ። ቱሪስቱ በራቀባቸው በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ያ ሰሚ ለእነሱም ብርቅ ሆኗል። ከእነዚህ ልጆች አንዱን በማታው ክፍል አስተምሬው ነበር። ስለ ግንቡ ሲያወራ ፈረንጅ ነው የሚመስለው፤ ለሆቴል ሥራ የሚያስገባውን ማመልከቻ ጽፎ ሲያሳየኝ ግን ከሁለት ግሦች አንዱ ያለፈውን ጊዜ ምልክት ጥሏል፣ «ዘ» የሚለው መስተአምር ከገጹ ጠፍቷል፣ «ሂ» ከሚል ባለቤት በኋላ የሚገባው የግስ መጨረሻ «ስ» የለም። የባዶ ቦታ ምንባብ ሰጥቼው ሲሞላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። «ኢንተረስትድ» ከሚለው ቀጥሎ «ኢን»፣ «ጉድ» ከሚለው ቀጥሎ «አት» እንደሚመጣ ሳያመነታ ጻፈ፤ ጆሮው አስተምሮታል። የሳታቸው በፍጥነት ሲነገሩ የማይሰሙትን ነው፤ የግሥ መጨረሻ «ድ» እና «ስ»፣ ሳይጎላ የሚነገረውን መስተአምር።

በዚህ ልጅ ላይ የታየው ነገር ጠባዩ ወይም ስንፍናው አይደለም። እነዚህ ትናንሽ ድምፆች በንግግር ውስጥ ቢቀሩም መልእክቱ ይደርሳል፤ ሰሚው ስለሚረዳ ማንም አያርምም፤ ያልታረመው ደግሞ ይጸናል። ከእኛ አገር ርቆ የታየ ትልቅ ማስረጃም አለ። በካናዳ፣ ሞንትሪያል አጠገብ በምትገኘው ሴንት ላምበርት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ እንዲማሩ ተደረገ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ልጆቹ ፈረንሳይኛን በየቀኑ ሰሙት፣ ሒሳብም ጂኦግራፊም ተማሩበት፤ በመረዳትም ረገድ እጅግ ጥሩ ደረጃ ደረሱ። ሆኖም የቋንቋ ሊቋ ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳመለከቱት፣ ከዓመታት ትምህርት በኋላም ንግግራቸውና ጽሑፋቸው በሰዋስው ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ርቆ ቀረ። ስዌይን መድኃኒቱ ተማሪው ራሱ ቃል እንዲያወጣና የጎደለውን እንዲያስተውል ማድረግ ነው አሉ። ይህ ሐሳብ ጸሐፊው ለሚወዱት ንግግር ይጠቅማል፤ ለምንባብ መልመጃም የዚያኑ ያህል ይጠቅማል። የጎደለውን ለማስተዋል የጎደለው ነገር በዓይን ሲታይ ይቀላል።

ወደ ግምቱ እንለፍ። አራት ምርጫ ባላቸው 10 ጥያቄዎች ላይ በጭፍን የሚገምት ተማሪ በአማካይ 2.5 ያገኛል። ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚያገኙት ከ100 ተማሪ 8 ያህል ናቸው፤ 8 እና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ደግሞ ከ10,000 ውስጥ 4 ገደማ ብቻ። ስለዚህ «ሳያነብ ያልፋል» የሚለው ለዝቅተኛው ማለፊያ በመጠኑ ይሠራል፤ ጸሐፊው ራሳቸው እንደ ምሳሌ ላቀረቡት ከ10 ጥያቄ 9 ለሚያገኝ ተማሪ ግን ፈጽሞ አይሠራም። ያ ልጅ ገምቶ አይደለም፤ አንብቦ ነው። ከዚህም በላይ ምርጫ የመልመጃው ባሕርይ አይደለም። ምርጫውን ያመጣው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቅርጽና እሱን ተከትለው በየሱቁ የሚሸጡት አጋዥ መጻሕፍት ናቸው። ምርጫውን አንሥቶ ባዶውን ብቻ የተወ መምህር የግምቱን በር ዘግቷል።

ከሁሉም በላይ ግን ጸሐፊው መልመጃውን የሚያዩት መልሱ በተጻፈበት ቅጽበት እንዳለቀ አድርገው ነው። በብዙ ክፍሎች እንዲያ እንደሚያልቅ አልክድም፤ መምህሩ «አንድ ቢ፣ ሁለት ሲ» ብሎ አንብቦ ዳስተሩን ያነሣል። ይህ ከሆነ የጠፋው ጊዜ ነው፤ ጸሐፊውም ቢቆጡ ልክ ናቸው። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከተሞላ በኋላ፣ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንመልከት። ለ10ኛ ክፍል ስለ ፋሲለደስ መዋኛና ስለ ጥምቀት አጭር ምንባብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልነካ ተውሁት፤ ተማሪው ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መገመት እንዳይጀምር። ሁለተኛው «ኤቭሪ ይር ዘ ዋተር» ብሎ ባዶ ቦታ ይተውና «ፍሮም ዘ ቀሃ ሪቨር» ብሎ ይቀጥላል፤ «ብሪንግ» (ማምጣት) ከሚለው ግስ ተገቢውን ቅርጽ መጻፍ ነበረባቸው። ከክፍሉ አራት መልስ ወጣ፤ «ብሪንግስ»፣ «ብሮውት»፣ «ዎዝ ብሮውት» እና «ኢዝ ብሮውት»። አራቱንም ሰሌዳው ላይ ደርድሬ የቱ ልክ እንደሆነ ሳልናገር ተቀመጥሁ። «ብሪንግስ» የሚለውን የጣለችው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት፤ «ውኃው ማንን ነው የሚያመጣው?» ብላ ጠየቀች፣ ክፍሉም ሳቀ። በዚያው ጥያቄ «ብሮውት» ብቻውን ወደቀ። «ዎዝ» ያለው ልጅ መዋኛው የጥንት ስለሆነ ያለፈ ጊዜ ነው ሲል ተሟገተ፤ መልሱን ያገኘው ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ነው፤ «ኤቭሪ ይር» (በየዓመቱ) የሚሉት ሁለት ቃላት እዚያው ተቀምጠዋል። ተገብሮ ግስን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ማብራሪያ እኔ የለኝም፤ ደግሞም ያብራሩት እነሱ ናቸው።

በዚያው ምንባብ ሌላ ባዶ ቦታ ነበር። ካህናቱ ውኃውን ይባርካሉ፤ ሰዎች ወደ ውኃው ይዘላሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ቅደም ተከተል የሚያሳየው ቃል ተነሥቷል። «ቢፎር» ብንል ሰዋስዉ ምንም አይጎድለውም። ጎንደር ተወልዶ በጥር 11 ከመዋኛው ዳር የቆመ ሁሉ ግን ቡራኬው ሳይፈጸም እንደማይዘለል ያውቃል፤ ስለዚህ «አፍተር» ነው። እዚህ ላይ ሰዋስው ብቻውን አይበቃም፤ ተማሪው ትርጉሙን ከሚያውቀው ዓለም ጋር ማመሳከር አለበት። አንድ ምንባብ በአንዱ ባዶ ቦታ የግስ ቅርጽን፣ በሌላው የሐሳብ ትስስርን፣ በሦስተኛው የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ሊያስተምር ይችላል። የሚወሰነው ምን እንደሚነሣ በመምረጥ ነው፤ ምርጫው ደግሞ የመምህሩ ሥራ ነው። ኩረጃንም በተመለከተ መልሱ እዚሁ አለ፤ ፊደል ይኮረጃል፣ ምክንያት ግን ተነሥቶ ሲጠየቅ አይኮረጅም።

ስለ ባዕድ ምንባቦቹ ጸሐፊው ያሉትን እቀበላለሁ። ማራኪ ሰፈር ያለ ልጅ ስለማያውቀው ባቡር እያነበበ የማያውቀውን ቃል እንዲገምት ማድረግ ሁለት ጨለማ በአንድ ጊዜ መስጠት ነው። መፍትሔው ግን ጽሑፉን መቀየር እንጂ መልመጃውን መሰረዝ አይደለም። ስለ ቀሃ ወንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ስለተከፈተው ዩኒቨርሲቲያችን፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ አንድ ገጽ የማይሞላ ምንባብ ለመጻፍ ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፤ ጠመኔ ይበቃል።

«ቃሉ ተቆርጦ ይቀርባል» የሚለው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ የሚያይ ክስ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 10 ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረው በእያንዳንዱ አንድ ባዶ ቦታ ሲተው ቃሉ በእርግጥ ከቤቱ ወጥቷል፤ እኔም ይህን ዓይነት አልወደውም። ምንባብ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቃሉ የጎደለበት ሙሉ ቤት ነው የቀረበው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የመጠን ነው። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንባቢ ያለ እገዛ አንድን ጽሑፍ በደንብ ለመረዳት ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ባለ 200 ቃል ምንባብ ላይ ይህ ማለት ባዕድ የሆኑ ቃላት ከ4 መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። አንዳንድ አጋዥ መጽሐፍ ግን 20 አዲስ ቃል ባለበት ጽሑፍ ላይ በየ5 ቃሉ እየቆጠረ 40 ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህን የሚሞላ ተማሪ እያነበበ ሳይሆን እየተደናበረ ነው። ጽሑፉ ከተማሪው ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ባዶዎቹም ጥቂትና የተመረጡ ቢሆኑ ጸሐፊው ካዩት መከራ አብዛኛው ይቀራል።

ዓለም ጥሎታል የተባለው በቀላሉ የሚመረመር ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ዘዴው አሮጌ መሆኑ እውነት ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1897 በብሬስላው ከተማ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የማሟላት ፈተና አሳትመዋል፤ አሜሪካዊው ዊልሰን ቴይለር ደግሞ በ1953 በምንባብ ላይ ቃላትን በተወሰነ ርቀት እያነሡ አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለመለካት ተጠቀሙበት። ልብ በሉ፤ በቴይለር ሥራ መጀመሪያ የተፈተነው ጽሑፉ ነበር እንጂ ተማሪው አልነበረም። በ1970ዎቹ ጆን ኦለር መልመጃው የተማሪውን አጠቃላይ ችሎታ ይለካል ሲሉ ከልክ በላይ አሞገሱት፤ ቻርልስ አልደርሰን በ1979 የሚነሡት ቃላት ርቀት ሲቀየር የሚለካው ነገርም እንደሚቀየር አሳይተው ሙገሳውን አበረዱት። ክርክሩ ዘዴውን አረመው እንጂ አልገደለውም። የካምብሪጅ የመካከለኛ ደረጃ ፈተና «ቢ2 ፈርስት» እስካሁን ድረስ 8፣ 8 ባዶ ቦታ ያላቸው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ውስጥ ከፊላቸው የተቆረጠ ቃላትን በምንባብ ውስጥ ማሟላት ይገኛል፤ ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በታደሰው ቅርጹ ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ አስገብቷል። ስለ ዘመናዊነት ከተነሣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የጉግል ተመራማሪዎች ያወጡት «በርት» የተባለው የኮምፒውተር የቋንቋ ሞዴል የሠለጠነው ከጽሑፍ ላይ 15 በመቶውን የቃል ቁራጭ እየሸፈኑ እንዲገምት በማድረግ ነው። ማሽን የተማረበት ሁሉ ለሰው ልጅ ይስማማዋል ማለቴ አይደለም፤ «የተጣለ» የሚለው ቃል ግን አይገጥምም።

መማርን በተመለከተም ማስረጃው ወደ ጸሐፊው ወገን አያደላም። ስላሜካ እና ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት ሰው ተጽፎ ካነበበው ቃል ይልቅ ከፍንጭ ተነሥቶ ራሱ ያመነጨውን ቃል የተሻለ ያስታውሳል። ሮዲገር እና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ጥናት ደግሞ አንድን ምንባብ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ሲሆኑ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ከአእምሯቸው አውጥተው ለመጻፍ የሞከሩት በለጧቸው። ይህ ሁለተኛው ጥናት ባዶ ቦታን ስለመሙላት የተሠራ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ፤ ተማሪዎቹ የጻፉት የሚያስታውሱትን ሁሉ ነው። ቢሆንም ቃሉን ከፊት አስቀምጦ ከማስደገም ይልቅ እንዲፈልጉት ማድረግ እንደሚሻል ያመለክታል።

የአባቶቻችንን ነገር በጥንቃቄ ማንሣት ያስፈልጋል፤ በተለይ በጎንደር። ጸሐፊው ቋንቋን በጆሮና በአፍ ብቻ ተማሩ ያሏቸው አባቶች የትኞቹ እንደሆኑ አልገለጹም። ቋንቋን በትምህርት ቤት ያስተማሩንን አባቶች ከፈለግን የቅኔ መምህራን አሉ፤ የእነሱም ምስክርነት ለጸሐፊው የሚመች አይመስለኝም። ግዕዝ ማንም በእናቱ ጀርባ ሆኖ የማይሰማው፣ በገበያ የማይነገር ቋንቋ ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ ይቆጥራል፣ እርባታ ያረባል፣ አገባብ ያጠናል፤ ይህ ሁሉ ሰዋስው ነው፣ ከነስሙ። ቋንቋውን ሲነጋገሩበት ሰምቶ ሳይሆን ግሱን ቆጥሮና አገባቡን ለይቶ ነው ቅኔ የሚዘርፈው። «ሰዋስው ቋንቋን ይገድላል» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ይህንኑ ምሳሌ ግን ለራሴ ብቻ አድልቼ ልወስደው አልችልም። የቅኔ ተማሪ ሰዋስዉን ጨርሼ ነው የምጀምረው ብሎ አይቀመጥም፤ ገና ጀማሪ ሳለ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ እንዲያ እያለ ነው ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው። የተማረውን በዚያው ሰሞን ይሠራበታል። የእኛ የእንግሊዝኛ ክፍል የጎደለው ይህ ነው፤ ጸሐፊውም በዚህ ላይ ትክክለኛውን ቁስል ነክተዋል። ሰዋስው እናስተምራለን፣ ጉባኤ ቃናውን ግን አናስቆጥርም።

በጆሮ ብቻ ስለመማር ደግሞ እኛው አገር ያየነው አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባ ተማሪው በየክፍለ ጊዜው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይሰማ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ተማሪው ጥያቄውን እንኳ ሳይጨርስ መልሱ ይነገራል፣ ትምህርቱም ይቀጥላል። እንግሊዝኛው ብዙ ነበር። ተማሪው የሚያቆመው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያየው፣ «ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ?» የሚልበት ጊዜ ግን አልነበረም። የተጻፈ ምንባብ ቢያንስ ይጠብቃል።

አሁን ወደ መፍትሔ ሐሳባቸው። ክፍለ ጊዜው በሙሉ ለንግግር ይሰጥ ይላሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች 60 ቢሆኑ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው፤ ስም ሲጠራና ተማሪው ሲነሣ የሚያልፈውን ሳንቆጥር። ጸሐፊው «ጥንድ ጥንድ ሆነው ያውሩ» ቢሉ ልክ ናቸው፤ ያኔ 30 ሰው በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ችግሩ ግን ይታወቃል። «ስለ ጥምቀት ተወያዩ» ተብለው የተለቀቁ ሁለት ተማሪዎች ሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይሉና ቃል ሲያጥራቸው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን የሚሉበት ቃል ስላልያዙ ነው። አንድ ለአምስት ብናደራጃቸውም ጎበዙ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ሁለቱን ማያያዝ ነው። ምንባቡ ተሞልቶ፣ በምክንያት ተከራክረንበት ከታረመ በኋላ ደብተር ይዘጋል፣ ሰሌዳውም ይጠፋል፤ ጥንዶቹ ምንባቡን በራሳቸው ቃል አንዱ ለሌላው ይተርካሉ። የዚያን የጥምቀት ምንባብ ዕለት «ኢዝ ብሮውት» የሚለው ከብዙ ጥንዶች አፍ ሲወጣ በየወንበሩ መካከል እየዞርሁ ሰምቻለሁ፤ «ብሪንግስ» ያለም ነበር፣ ጓደኛውም «ማንን?» ብሎ አቋረጠው። ጸሐፊው ባዶ ቦታውን አውጥተን ንግግሩን ብቻ እንድንይዝ ሲጠይቁ፣ ይህን «ማንን?» የሚለውን ጥያቄ ተማሪዎቹ ከየት እንዲያመጡት እንዳሰቡ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።